ግራናይቱ እንዳይነካ

የኪችን ካቢኔታችን በሮች ቀለማቸው የተቃጠለ ሽሮ ነበር የሚመስለው። ባለቤቴ ነጭ አማራት። እኔ ደግሞ ወጪ እንዲቀንስ ፈለግሁ። መሀል ላይ ተስማማን። በሩ ይቀየር፣ ከላይ ያለው ግራናይት እንዳይነካ።

ግራናይቱ ምንም አልሆነም እኮ! ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ያስገቡት ጥቁር ድንጋይ ነው። ሎሚ ፈሶበታል፣ ትኩስ ድስት ተቀምጦበታል፣ አንድ ጭረት የለበትም። እብነ በረድ ቢሆን ኖሮ ሎሚው ብቻ ወዙን ባጠፋው ነበር። ደግሞ የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የኛ ካሬ ተኩል ይጠጋል። እሱን አውርዶ ሌላ ማውጣት ስንት እንደሚያስወጣ ጫኝና አውራጅ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

አናጢው መጣ። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ዞር ዞር ብሎ አየና «ቀላል ነው ጋሼ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለ። ካቻቪቴውን አውጥቶ የመጀመሪያውን ማጠፊያ መፍታት ጀመረ። ብሎኑ ሲወጣ ቺፑዱንም ይዞት ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሲንኩ ሥር ሲደርስ ነገሩ ባሰ። ቧንቧው ስንት ዘመን ሲያንጠባጥብበት ኖሮ ቺፑዱ አብጦ አብጦ ውፍረቱ እጥፍ ሆኗል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ጣቴ እስከ ጥፍሩ ገባ።

አናጢው የሞባይሉን መብራት አብርቶ ከነወገቡ ውስጥ ገባ። ቆየት ብሎ ድምፁ ብቻ መጣ።

«ጋሼ፣ ካቢኔቱ ድንጋዩን አልተሸከመም።»

«ታዲያ ማን ተሸከመው?»

«ድንጋዩ ነው ካቢኔቱን የያዘው።»

ለካ ግራናይቱ ከኋላ በሲሚንቶና በሲሊኮን ግድግዳው ላይ ተጣብቆ፣ ያንን የበሰበሰ ሣጥን ለዓመታት አንጠልጥሎት ኖሯል! በሩ ብቻ የተባለው ሥራ እዚያው አበቃ። ሣጥኑ በሙሉ ይውጣ ተባለ። እስከዚያ ግን ድንጋዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል። በተለይ ሲንኩ የተቀመጠበት ቀዳዳ አካባቢ። ከቀዳዳው ፊትና ኋላ የሚቀረው ድንጋይ ቀጭን ስለሆነ፣ ግራናይት ሲሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በግራ በኩል አጣና ቆርጦ አቆመ። በቀኝ በኩል አጣናው አጠረ። አናጢው አንገቱን አከከ።

«ክሪክ ይገኛል?»

መኪና የለኝም። ቪትዝ ያላቸው አንደኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ናቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወረድኩ። ምን እንደማነሳበት ስነግራቸው ለአፍታ ዝም ብለው አዩኝና «ለአንድ ሰዓት ነው ኣ?» አሉ። «ለአንድ ሰዓት ነው» አልኩ፤ አናጢው ያለኝ እሱን ነው። ሁለት ብሎኬት ደራርበን ክሪኩን ከላይ አስቀመጥን። አሮጌው ሣጥን ቁርጥራጭ ሆኖ ወጣ። አናጢው ልኩን ወሰደ፣ ቀብዱን ተቀበለ፣ «ሐሙስ ይደርሳል» ብሎ ሄደ። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ጉድ ነው። ባለቤቴ ድንጋዩ ሥር ያለው እንዳይታይ አሮጌ መጋረጃ ሰቀለችበት። ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው «ቀስ!» ይባላል። ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ ተከለከለ። ልጃችን ኳሱን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ብቅ ካለ እናቱ ብድግ ትላለች። የአንደኛ ፎቁን ጋሼ ደረጃ ላይ እንዳላገኛቸው የሚወጡበትንና የሚገቡበትን ሰዓት በቃሌ ያዝኩ።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ጉልባኑ ተበላ፣ ካቢኔቱ የለም። በዚያው ቀን አማቴ ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን መጡ። ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ ወጥ ቤት ገቡና መጋረጃውን ገለጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ጎማው ፈንድቶ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። የዶሮውን ሽንኩርት ሳሎን ወስደው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ከተፉት። ግራናይቱ ላይ አንዲት ማንኪያ እንኳ አላስቀመጡም።

ቀዳም ሹር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። የአንደኛ ፎቁ ጋሼ ናቸው። ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ የጎማ መፍቻ ይዘዋል። ለበዓል ፍቼ ሊወጡ ሲሉ ጎማቸው ተኝቶ አገኙት።

«ክሪኬን!»

ክሪኩን ካወጣነው ድንጋዩ ሊሰነጠቅ ነው። ካላወጣነው ሰውየው ፍቼ አይደርሱም። ባለቤቴ እኔን አየች፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ያዳኑን አማቴ ናቸው።

«ሙቀጫ የላችሁም?»

የቢራ ሣጥን ተገለበጠ። በላዩ ሙቀጫው ቆመ። በሙቀጫው ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የታጠፈ ካርቶን ተደረገ። እኔ ትከሻዬን ድንጋዩ ሥር አስገባሁ። ትከሻዬ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ክሪኩን ላዞር እጄን ስዘረጋ ጋሼ «ቆይ፣ ቆይ፣ አንተ አታውቀውም» ብለው ከነጋቢያቸው ወለሉ ላይ ተኙ። አንድ ዙር አዞሩ። ቆሙ። ሌላ ዙር። በዚህ መሀል ከላይ «ቋ!» አለ።

ማንም አልተነፈሰም። አማቴ ማርያምን ሲጠሩ ብቻ ሰማሁ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ ዳሰሰችው። ደህና ነው። ግድግዳው ጋ የደረቀው ሲሊኮን ነው የተላቀቀው። ጋሼ ተነሥተው ጋቢያቸውን አራገፉ። ክሪኩን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ እንኳን አደረሳችሁ እንኳ ሳይሉ ወረዱ።

ካቢኔቱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ነጭ፣ የሚያምር ኤምዲኤፍ። አልገባም። የወለላችን ሴራሚክ ካቢኔቱ ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ የድሮዎቹ ሠሪዎች በማይታይ ቦታ ሴራሚክ አላባከኑም፣ ከሥሩ ባዶ ሊሾ ነው። አናጢው የለካው ከሊሾው እስከ ድንጋዩ ነው። ሣጥኑ ግን ወደ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ሴራሚኩን ማለፍ አለበት። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተረፈ። ገፋ፣ ሳበ፣ አጋደለ። ከዚያ እንደለመደው አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ድንጋዩን ትንሽ ከፍ ብናደርገው… ክሪክ ይገኛል?»

«አይገኝም!» አልን። የሁላችንም ድምፅ እኩል ነው የወጣው፣ ልጁ ሳይቀር።

ከታች ቆርጦ የሚሽከረከር የፕላስቲክ እግር ገጠመለት። ሣጥኑ ዝቅ ብሎ ገባ። ከገባ በኋላ እግሩን እያዞሩ ድንጋዩን እስኪነካ ማንሳት ብቻ ነው፤ ክሪክም፣ አጣናም፣ ሙቀጫም አላስፈለገም። ነባር ድንጋይ ሥር የሚገባ ካቢኔት ከመጀመሪያው እንዲህ መሠራት ነበረበት ባይ ነኝ። አናጢው ግን የፈጠራ ሥራ የሠራ ያህል ፎቶ አነሳው። ሲንኩ ሥር ያለውን የኤምዲኤፍ ጠርዝ በሙሉ በሲሊኮን አስለቀለቅሁት። ያ ቧንቧ ደግሞ ተቀየረ።

ለዳግማይ ትንሣኤ አማቴ ቡና አፈሉና የአንደኛ ፎቁን ጋሼ ጠራናቸው። ከፍቼ ተመልሰዋል፣ ቂምም አልያዙም። ስኒያቸውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። አንዱን በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ መሳቢያውን ሳቡ። ግራናይቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«እኛም ቤት ድንጋዩ ደህና ነው» አሉ። «በሩን ብቻ ነው የምንቀይረው። ክሪኩም አለ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ለዚያኛው ጎን ብቻ ነው…» ብለው ጥጉን ማየት ጀመሩ።

አማቴ ጀበናቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። ሙቀጫውን አቅፈው መኝታ ቤት ገቡ።