ባዶ የተተወው ጠዋት

ከደንበኛ የሚመጣ የጉዞ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የቦታ ስም ዝርዝር ብቻ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ የተደወለልኝም እንዲሁ ነበር። ዴዝ ቫሊ፣ ጆሹዋ ትሪ፣ ዛየን፣ አርችስ፣ ካንየንላንድስ፤ አምስት ብሔራዊ ፓርኮች በሰባት ቀን። ደዋዩ ስድስት ሆነው የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎችን የሚያስተባብሩ ጎልማሳ ሰው ናቸው። ሁሉም ዓመቱን ሙሉ ሰርግ፣ ክርስትናና ምረቃ ሲያነሱ የሚኖሩ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ለአንድ ሳምንት ከአዳራሽ መብራት ወጥተው በረሃ ለማንሳትና ሥራቸውን በጋራ ዐውደ ርእይ ለማሳየት ተስማምተዋል። እኔ ላስ ቬጋስ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ቡድኖች መኪናና ሾፌር በሚያቀርብ አነስተኛ የጉዞ ድርጅት ውስጥ የጉዞ ዕቅድ አወጣለሁ፤ ብዙ ጊዜም የምነዳው እኔው ነኝ።

«ጋሼ፣ ሰባት ቀን ለአምስቱ አይበቃም» አልኳቸው።

«ለምን አይበቃም ወንድሜ? ካርታው ላይ አየነው እኮ፤ ጎረቤታሞች ናቸው።»

የምዕራብ አሜሪካ ካርታ እንዲህ ያታልላል። ከዴዝ ቫሊ እምብርት ከፈርነስ ክሪክ ተነስቶ አርችስ አጠገብ እስካለችው ሞአብ ከተማ ድረስ ከ900 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ አለ። ጆሹዋ ትሪ ደግሞ ወደ ደቡብ ነው፤ አርችስና ካንየንላንድስ ወዳሉበት ወደ ዩታ ግዛት ለሚሄድ ሰው ጀርባ መስጠት ማለት ነው። በዚያ ላይ ገንዘብ ተቀብሎ ቡድን የሚያስገባ ድርጅት ከእያንዳንዱ ፓርክ የንግድ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የአንዱ ፓርክ ፈቃድ ለሌላው አያገለግልም። ስለዚህ ጆሹዋ ትሪንና ዛየንን አውጥቼ ሦስቱን አስቀረሁ። ጋሼ ቅር ቢላቸውም ተቀበሉ።

ከባዱ ክርክር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያስነሳውም ዕቅዱ ላይ ባዶ የተውኩት አንድ ጠዋት ነው።

የፎቶ ጉዞ ዕቅድ የሚጀመረው ከመንገድ ሳይሆን ከብርሃን ነው። የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰንጠረዥን ማንም ከስልኩ ያገኘዋል፤ ሰንጠረዡ የሚሠራው ግን ሜዳ ላይ ቆሞ አድማስ ለሚያይ ሰው ነው። ዴዝ ቫሊ በተራሮች መካከል የተዘረጋ ሸለቆ ነው። ባድዎተር የሚባለው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ከሰሜን አሜሪካ ሁሉ ዝቅተኛው ስፍራ ነው፤ በምሥራቅ በኩል የብላክ ማውንቴንስ ገደል እንደ ግድግዳ ቆሞበታል። ሰንጠረዡ «ፀሐይ ወጣች» ካለ በኋላም ጨዉ ለረጅም ጊዜ ጥላ ውስጥ ይቆያል። የመጀመሪያው ብርሃን የሚያርፈው ከሸለቆው ማዶ፣ 3,368 ሜትር ከፍታ ባለው በቴሌስኮፕ ፒክ አናት ላይ ነው፤ ከዚያ በተራሩ ጎን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ማታ ደግሞ የምዕራቦቹ የፓናሚንት ተራሮች ፀሐይዋን ከሰንጠረዡ ቀድመው ይጋርዷታል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሰዓት ይመደብለታል። ዛብሪስኪ ፖይንት ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፎቶ አንሺው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ የሚቆምበት የጠዋት ቦታ ነው። ቀለማቸው የተዥጎረጎረው የአርቲስትስ ፓሌት ኮረብታዎች ከሰዓት በኋላ ያምራሉ። የአሸዋ ክምሮች ግን ዝቅ ያለ ብርሃን ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ፀሐይ ከፍ ካለች ጥላው ይጠፋል፣ ክምሩም ጠፍጣፋ ይመስላል።

እንዲህ ሲታሰብ አንድ ቀን ሁለት ጥሩ ሰዓት ብቻ አለው፤ አንድ ጠዋት አንድ ማታ። ደመና ወይም ነፋስ አንዱን ከወሰደ የሚተካው የለም። ጉዞው በማርች አጋማሽ ነበር። ሙቀቱ ደስ የሚልበት ወቅት ነው፤ ያው ፈርነስ ክሪክ በጁላይ 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ የሚጠቀስለት ስፍራ ነውና በበጋ ሰው ወደዚያ ለመውሰድ አልደፍርም። ፀደይ ግን የነፋስ ወቅት ነው። ለዚህ ነው በዴዝ ቫሊ ሦስት ሌሊት መድቤ፣ የመጀመሪያውን ጠዋት ለዛብሪስኪ፣ ሁለተኛውን ለሜስኪት ፍላት አሸዋ ሰጥቼ፣ ሦስተኛውን ምንም ሳልጽፍበት የተውኩት።

የድርጅቱ ባለቤት ዕቅዱን ሲያይ ጣቱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። «ይሄ ምንድን ነው? ሰው አገር አቋርጦ መጥቶ ለባዶ ገጽ ይከፍላል?» አለኝ። ነፋስና አቧራ አንድ ጠዋት ሊያሳጣን እንደሚችል ነገርኩት። «ካላሳጣንስ?» «ካላሳጣን ደግሞ ከወደዱት ቦታ አንዱን ደግመው ያያሉ።» አልወደደውም። ደንበኛ የሚመዝነው የቦታ ብዛት መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ተፎካካሪዎቻችን በአንድ ሳምንት ስንት ፓርክ እንደሚደረድሩም ያውቃል። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። ሆኖም አልሰርዝም አልኩ። ለሰርግ የሚሠራ ሰው ሙሽሮቹን ድጋሚ ቁሙ ሊል ይችላል፤ በረሃ ላይ ግን ድጋሚ የሚባል ነገር የሚገኘው ዕቅዱ ላይ ቦታ ከተተወለት ብቻ ነው። በመጨረሻ ባዶው ገጽ ላይ «መጠባበቂያ» የሚል ቃል ተጽፎበት እንዲያልፍ ተስማማን። ሰዓቶቹን ሁሉ በኢትዮጵያም በአሜሪካም አቆጣጠር አስፍሬ፣ ዩታ ስንገባ አንድ ሰዓት እንደሚጨመር ጽፌ ላክሁላቸው።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ከመካከላቸው አንዱ ድሮን ይዞ መጥቶ ነበር፤ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ድሮን ማብረር ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ መሆኑን ስነግረው አዝኖ ሻንጣው ውስጥ መለሰው። ማግስቱን ከዛብሪስኪ በኋላ፣ ወደ ማታ ባድዎተር ወረድን። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለውን ጨው የጎብኚ እግር ደልድሎታል፤ ያ ለፎቶ አይሆንም። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ስንሄድ ነው ጠርዛቸው እንደ ጣት ከፍ ያለ፣ ባለ ብዙ ማዕዘን የጨው ሰሌዳዎች እየተያያዙ እስከ ተራሩ ግርጌ ተዘርግተው ያገኘናቸው። ጋሼ ካሜራቸውን ትተው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። መቀሌ ነው ያደጉት፤ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጭነው የሚመጡትን ግመሎች እያዩ። ከተሰነጠቀው ጠርዝ ቁራጭ አንስተው አገላብጠው አዩት፣ በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት፣ «የእኛው ነው» አሉ። ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ ከፓርኩ ምንም ነገር ይዞ መውጣት እንደማይፈቀድ ነገርኳቸው። ካነሱበት ቦታ፣ ስንጥቁን ከስንጥቁ አግጥመው መለሱት። ከዚያ በኋላ ያነሷቸው ፎቶዎች ከሁሉም የሚበልጡ ይመስሉኛል፤ ካሜራውን ከመሬት ስንዝር ያህል አድርገው የጨዉን ጠርዝ ከፊት፣ ቴሌስኮፕ ፒክን ከኋላ ይዘዋል።

ያን ዕለት ማታ የባዶው ጠዋት ጉዳይ ተነሣ። ጋሼ ከልባቸው ማየት የሚፈልጉት ሬስትራክ የተባለውን ደረቅ የሐይቅ ወለል ነበር። ድንጋዮች ማንም ሳይገፋቸው ተንቀሳቅሰው ረጅም ዱካ የተዉበት ቦታ ነው። ምክንያቱ በ2014 በታተመ ጥናት ታውቋል፤ ወለሉ ላይ የተኛው ስስ ውሃ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ ጠዋት በረዶው ሲሰባበር ቀላል ነፋስ ትልልቅ ስባሪዎቹን እየነዳ ድንጋዮቹን በለሰለሰው ጭቃ ላይ ይገፋቸዋል። «ያቺን ባዶ ጠዋት ለድንጋዮቹ ስጠን» አሉኝ።

ወደዚያ የሚወስደው የመጨረሻው 43 ኪሎ ሜትር አስፋልት የለውም፤ ጎማ በሚቆርጥ ስለታም ድንጋይ የተሞላ ነው። ስልክ አይሠራም፤ ተበላሽቶ የቆመ መኪና ለማስጎተት የሚጠየቀው ገንዘብም የጉዞውን በጀት ሊበላ ይችላል። የእኛ መኪና ደግሞ የኪራይ ውሉ ከአስፋልት እንዳይወጣ ያስገድዳል። ይህን ሁሉ አስረዳሁ።

«ባዶ ለመቀመጥ ጊዜ አለ፤ ለድንጋዩ ግን የለም ማለት ነው?» አሉ። ሌሎቹ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከእሳቸው ጋር እንደሆኑ ያስታውቃል። ደንበኛ እንዲህ ሲያዝን ሥራው ይከብዳል፤ ገንዘቡን ለፍቶ ያጠራቀመ፣ ከሥራው ፈቃድ ለምኖ የመጣ ሰው ነውና ቅሬታው አይናቅም። ነገር ግን የስድስት ሰው ደኅንነት የእኔ ኃላፊነት ስለሆነ መልሴን አልቀየርኩም።

ሌሊቱን ነፋስ ተነሣ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስቶቭፓይፕ ዌልስ ካለው ማረፊያችን ስንወጣ የመኪናው በር በግድ ነው የተከፈተው። አሸዋው ዘንድ ደርሰን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ሲሆን ፀሐይ መውጣቷ የታወቀው ጨለማው ወደ ቡናማ በመለወጡ ብቻ ነው። ተራራ የለም፣ ጥላ የለም፤ አሸዋው ከመሬት ተነሥቶ ጉልበት ድረስ ይሮጣል። ሌንስ መቀየር ካስፈለገ መኪና ውስጥ ብቻ እንዲሆን ማታውኑ ነግሬ ነበር። ሆኖም አንዱ ወጣት ቸኩሎ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ውጭ ቀየረ። ከዚያ በኋላ የሌንሱን ቀለበት ባዞረ ቁጥር አሸዋ ሲፈጭ ይሰማ ነበር። ጋሼ ወሰዱና ጆሯቸው አጠገብ አድርገው አዳመጡት፤ «አታዙረው፤ እስከ ቤት ድረስ አትንካው» ብለው የራሳቸውን ትርፍ ሌንስ ሰጡት። ማንም ሰው ፎቶ ይዞ አልተመለሰም።

ቁርስ ላይ ብዙ አልተወራም። ቡና ሲቀዳ ጋሼ የዕቅዱን ወረቀት አውጥተው «መጠባበቂያ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «ነገ ይቆማል?» አሉ። ትንበያው እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚበርድ ይላል አልኩ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ነፋሱ በረደ። በማግስቱ በጨለማ በግንባር ባትሪ እየተመራን ገባን። ሜስኪት ፍላት ከአስፋልቱ አጠገብ ስለሆነ በሌላ ቀን አሸዋው ላይ ሰው ያልረገጠው ቦታ ለማግኘት ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል። ሙሉ ቀን የነፈሰው ነፋስ ግን ዱካውን ሁሉ ጠርጎታል። ሲነጋጋ ከጥንዚዛ ዱካ በስተቀር ምንም የሌለበት፣ ጫፉ እንደ ቢላ የሰላ ክምር ፊታችን ቆመ። ጋሼ ወዲያው ሥራቸው ውስጥ ገቡ። በሰርግ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው የሚያሰልፉበት ድምፅ ነው፤ «ከዚህ መስመር ማንም አይለፍ! አንተ ከበስተቀኝ፣ አንቺ ዝቅ በይ፣ ትሪፖዱን እዚህ፤ ሁሉም ሳያነሳ አንድ እግር አይነሣ!» አሉ። ፀሐይ ስትወጣ የክምሩ አንዱ ጎን ወርቃማ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆነ፤ በመካከሉ ያለው መስመር እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ሄደ። ያ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የቆየው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ያነሱት ሥራ ከሳምንቱ ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ይህን እነሱም በኋላ ነግረውኛል።

ከዚያ ተነሥተን ሴንት ጆርጅ አድረን ሞአብ ገባን። አርችስም ካንየንላንድስም ሆኑልን። ካንየንላንድስ ውስጥ ያለው ሜሳ አርች የተባለው የድንጋይ ቅስት ጎህ ሲቀድ ከሥር እንደ ፍም ይበራል፤ ከታች ካለው ገደል ላይ የሚነጥረው የፀሐይ ብርሃን ነው የሚያቀላው። እዚያ ለትሪፖድ ቦታ ለመያዝ ፀሐይ ከመውጣቷ በጣም ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ ደርሰናል።

ስንመለስ የድርጅቱ ባለቤት የአሸዋውን ፎቶዎች አየ፤ የነፋሱንም ቀን ታሪክ ሰማ። ለውሳኔው ብዙ ቃል አላወጣም። አሁን ግን የፎቶ ቡድን ዕቅድ ሳቀርብለት በየፓርኩ መጠባበቂያ መኖሩን ሳያይ አይፈርምም፤ ለደንበኞች በምንልከው ማብራሪያ ላይም ምክንያቱ በሁለት መስመር ተጽፏል።

ቡድኑ ለሚቀጥለው ዓመት ኒው ሜክሲኮ የሚገኘውን ዋይት ሳንድስን ጠይቆኛል። በዲሴምበር 2019 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ፣ ነጭ የጂፕሰም አሸዋ ነው። አጠገቡ የጦር ኃይሉ የሚሳኤል መሞከሪያ ስላለ፣ ሙከራ በሚደረግበት ጊዜ መንገዱ እስከ ሦስት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል፤ የፓርኩ በርም ሌሊት ስለሚዘጋ ዋናው ሥራ የሚሠራው ማታ ላይ ነው። በዋዜማው ወደ ፓርኩ ደውሎ የመዝጊያውን ሰዓት መጠየቅ የእኔ ድርሻ ነው። ለፓርኩ ቅርብ በሆነችው በአላሞጎርዶ ከተማ ሆቴል ውስጥ ክፍሎቹን አንድ ሌሊት ጨምሬ ይዣለሁ፤ ሥራ ቦታቸው ፈቃድ ያልሰጣቸው የሁለት ሰዎች መልስ ብቻ ነው የቀረው።