ለተመለሰልኝ ድምፅ የቀረበ ምስጋና

በጡረታ በተሸኘሁበት ዕለት በባልደረቦቼ ፊት የተነበበው የሥራ ታሪኬ 1988 ዓ.ም.ን «በቴፕ ላይብረሪ ተመድበው አገልግለዋል» በሚል አንድ ሐረግ አልፎታል፤ ቴፕ ላይብረሪ የተቀረጹ የሬዲዮ ቴፖች የሚቀመጡበት ክፍል ነው። አንባቢው አልተሳሳተም፤ የግል ማኅደሬም የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር ያደረገልኝ ቸርነትም፣ ባልደረቦቼና ቤተሰቤ የዋሉልኝ ውለታም ተጠቅልሎ የሚገኘው በዚያች ሐረግ ውስጥ ስለሆነ፣ ሳልመሰክር ብቀር የተደረገልኝን እንደ መካድ ይቆጠርብኛል።

ወደ ኢትዮጵያ ሬዲዮ የገባሁት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ከጀመረና በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ከተወረሰ በኋላ፣ በዚያ ቤት ሙያውን የቀሰሙ አንጋፋዎች በመካከላችን ነበሩ። እነርሱም ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በእርሳስ እያሰመሩ፣ የሰው ስም ላይ እንዳንቸኩል፣ የሞትን ዜና እና የድልን ዜና በአንድ ቅላጼ እንዳናነብ እየተቆጡ አስተምረውናል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘች ጊዜ፣ በነሐሴ 1984 ዓ.ም.፣ ዜናውን ያነበብኩት በዚያ ትምህርት ነው፤ ያም ሆኖ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም።

በ1988 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንገቴ ላይ የቆየው እንቅርት እየገፋ መጥቶ መዋጥ ስላስቸገረኝ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ነርቭ ከዕጢው ጀርባ እንደሚያልፍና በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ አስረድቶኝ፣ አውቄና ፈርሜ ስለ ገባሁ በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም። ከሰመመን ስነቃ ግን ከሁለቱ የድምፅ አውታሮች አንደኛው አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር። ሁለቱ ካልተገናኙ አየሩ በመካከላቸው ሾልኮ ስለሚወጣ፣ ለመናገር ስሞክር ከአፌ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ሆነ፤ ውሃ እንኳ ስጠጣ ትን ይለኝ ጀመር። ነርቩ ካልተቆረጠ በወራት ውስጥ ሊያገግም እንደሚችል፣ ዓመት ካለፈው ግን ተስፋው እየመነመነ እንደሚሄድ ተነገረኝ። ድምፁን ሸጦ ለሚያድር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የሚያሻ አይመስለኝም።

በጊዜው አለቃዬ የነበሩት ሰው በሕመም ምክንያት እንድሰናበት ሐሳብ ሲቀርብላቸው፣ «ጆሮው ደኅና ነው አይደል?» ብለው ቴፕ ላይብረሪ መደቡኝ። የማለዳውን ዜና ተረኛነቴን የተረከበችው ባልደረባዬ ያን ጊዜ የምታጠባ እናት ነበረች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሰርቪስ መኪናው በሯ ላይ ሲደርስ ሕፃኑን ለእናቷ አስረክባ እየወጣች፣ ወራት ሙሉ አንድም ቀን ሳታማርር የእኔንም የራሷንም ተረኛነት ሸፈነች። አድማጭ ደውሎ ስለ እኔ ሲጠይቅ «ፈቃድ ላይ ነው፤ ይመለሳል» ትል እንደነበር የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ ራሴ በመመለሴ ተስፋ በቆረጥኩበት ሰዓት እርሷ በእኔ ስም ቃል ትገባ ነበር ማለት ነው።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነበር። የትራንዚስተሯን የባትሪ ድንጋይ ጉልበቱ እንዲመለስ ፀሐይ ላይ እያሰጣች፣ ማለዳ ማለዳ የእኔን ድምፅ ሳትሰማ ቡና አታፈላም። ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳ ከአተነፋፈሴ አውቃ መልእክት ትልክብኝ ስለነበር ሕመሜን ልንደብቃት አልቻልንም። አዲስ አበባ መጥታ ባየችኝ ዕለት አላለቀሰችም። «የካህኑን የዘካርያስን አንደበት ያሰረው ገብርኤል ነው፤ ያሰረ መፍታትም ያውቅበታል» አለችና ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች። ካህኑ የታሰረው ባለማመኑ ነው እንጂ በእንቅርት አይደለም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን በምን አንደበቴ! እኔም በበኩሌ ከዚያ ዕለት ጀምሮ በልቤ ብቻ እጸልይ ጀመር። በድምፅ ለመጸለይ የለመደ ሰው በዝምታ ሲጸልይ መጀመሪያ የተሰማ አይመስለውም።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ደግሞ ስቱዲዮው ከሰዓት በኋላ ባዶ ሲሆን ይጠሩኝና፣ «ግባና ሌቭል ስጠኝ»፣ ማለትም የድምፅህን መጠን ልለካ፣ እያሉ የተነበቡ አሮጌ ዜናዎችን ያስነብቡኝ ነበር። ቀረጻውን በአንድ የቴፕ ጥቅል (ሪል) ላይ እያስከተሉ፣ በሣጥኑ ጀርባ ቀኑን ይጽፉበታል። ወራት ሙሉ ከመስታወቱ ባሻገር የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል»። ከንፈሬ ማይክሮፎኑን ሊነካ ደርሶም የድምፅ መለኪያው መርፌ ከተኛበት እምብዛም አይነሣም። በሰኔ፣ ዝናቡ ጣራውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት፣ «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን» ብዬ ስጀምር ከደረቴ የሆነ ነገር ሲያያዝ ተሰማኝ፤ መርፌውም ተስፈንጥሮ ቀዩን መስመር አለፈ። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጥቂት ከቆዩ በኋላ በመነጋገሪያው፣ «ራቅ በል እንጂ፤ ድምፅህ በዛብኝ» አሉኝ። በሙያ ዘመኔ ብዙ ምስጋና ተቀብያለሁ፤ የዚያን ተግሣጽ ያህል ያስደሰተኝ ግን አላስታውስም።

ነርቩ በራሱ ጊዜ ነው የዳነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አልከራከራቸውም፤ ሐኪሙም ሊሆን ይችላል ያለኝ ይህንኑ ነበር። ሆኖም ሊሆንም ላይሆንም ይችል የነበረው ነገር፣ እናቴ በለመነችበት፣ ቴክኒሻኑ በደከሙበት፣ ባልደረባዬ በተስፋ በጠበቀችበት ወቅት ስለሆነልኝ፣ የፈጸመው እግዚአብሔር ነው ብዬ እመሰክራለሁ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1989 ዓ.ም. ስለቱን አስገባን። ከለገሃር በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያም በደንገጎ ዳገት በመኪና ወጥተን ቁልቢ ስንደርስ፣ እናቴ ያን ሁሉ መንገድ ጃንጥላውን ለማንም አላስያዘችም። በዚያ ሕዝብ መካከል እልል ስትል የእኔ ድምፅ ከማን እንደተወረሰ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ለባለቤቴ የማቀርበው ምስጋና ከሁሉ ይከብደኛል። በዚያ ዓመት ከንፈሬን እያነበበች ለእንግዳው፣ ለባለሱቁ፣ ለልጆቹ አስተማሪ በእኔ ፋንታ የተናገረችው እርሷ ናት። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ደግሞ እኔ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ማለዳ ለአገር ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ስል፣ ልጆቻችንን ይዛ በዓሉን ያለ እኔ አውላለች። ልጆቼም ይህን እንደ በደል ሳይዙብኝ አድገዋልና እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እናቴና ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጸድ ያኑርልኝ። ሕፃኑን ትታ ማለዳ ትወጣ የነበረችው ባልደረባዬም ከእኔ ቀደም ብላ ጡረታ ወጥታለች። በሚመጣው ወር በ19 ቤታችን ጠበል ጻዲቅ አዘጋጅተናል፤ አብራችሁኝ የሠራችሁ ሁሉ ከቀትር በኋላ ብቅ እንድትሉልን ከባለቤቴ ጋር በአክብሮት እንጠይቃለን። ዳቦውን የምትቆርሰው እርሷ፣ ባልደረባዬ፣ ናት፤ ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች።