የስዊድንን የኮሮና ውሳኔዎች ስመዝን የሳትኩት

የማስተርስ ጽሑፌን ስጀምር ፍርዱን ጨርሼ ነበር የገባሁት። ሌላው አገር በሩን ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ ስዊድን ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ትምህርት ቤት አልዘጋችም። ምግብ ቤቶችም ክፍት ነበሩ። "መንግሥቱ ተኝቷል" የሚለውን መደምደሚያ ገና መረጃ ሳልሰበስብ ጽፌዋለሁ ማለት ይቻላል።

አማካሪዬ ረቂቁን አይተው ኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉልኝ፦ "ያን ቀን ይህን ያውቁ ነበር?"

ነገሩ የጭምብል ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ጭምብል አላስገደዱም ብዬ ወቅሼ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ቫይረሱ በተሰራጨበት አካባቢ ሕዝቡ ጭምብል ያድርግ ወደሚል ምክር የዞረው ግን ጁን 5 ቀን 2020 ነው። አፈርኩ። ቁጭ ብዬ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ ቀኑ፣ ያን ቀን የሚታወቀው፣ የተወሰነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሁለት ወር በላብኝ።

መንግሥቱን ነፃ ያወጣዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላወጣውም። ስዊድን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አውቶቡስና ባቡር ላይ ጭምብል አድርጉ ብላ የመከረችው ከጃንዋሪ 7 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። የማርቹ ወቀሳዬ ወደቀና በምትኩ የሰባት ወር ክፍተት አገኘሁ። ይሄኛው ይከብዳል።

ቁጥሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ2020 ስዊድን ውስጥ በማንኛውም ምክንያት የሞተው ሰው ወደ 98 ሺህ ነው፤ በ2019 ደግሞ 89 ሺህ ገደማ። "ዘጠኝ ሺህ ልዩነት!" ብዬ በደማቁ ጻፍኩ። ለካ 2019 ራሱ ሞት ከወትሮው ያነሰበት ዓመት ኖሯል። ከ2015 እስከ 2019 ካለው አማካይ ጋር ሳስተያየው፣ እሱ 91 ሺህ አካባቢ ነው፣ ልዩነቱ ወደ ሰባት ሺህ ወረደ። ሁለት ሺህ ሰው እኔ በመረጥኩት መነሻ ዓመት ብቻ መጣ፣ ሄደ። (የየዕለቱን የሞት ግራፍማ ተዉት። ሪፖርቱ ዘግይቶ ስለሚገባ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁልጊዜ የቀነሰ ይመስላሉ።)

የአረጋውያን መኖሪያዎች ላይ ስደርስ ሠንጠረዡም አነሰኝ። ጎብኚ እንዳይገባ በአገር ደረጃ የተከለከለው ከአፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነው። ዘገየ ብዬ ላልፍ ስል መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን በዲሴምበር 2020 ያወጣውን ሪፖርት አነበብኩ። የእንክብካቤው ድክመት ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮ የታወቀ ነበር ይላል። የእኔ ሠንጠረዥ የሚጀምረው ግን ከጃንዋሪ 2020 ነው። "ያን ቀን የሚታወቀው" የሚለውን ዓምድ ይዤ፣ ከላይ አዳዲስ ረድፎች መጨመር ጀመርኩ።