የካርድ ሹራብ ማሽን እና የተዘነጋው ስፖንጅ

ብራዘር ኬኤች-881 በተባለው አሮጌ የጃፓን ማሽን የሠራሁት ባለሁለት ቀለም የሕፃን ሹራብ አንድም ቀለበት ሳያመልጠው በመጠናቀቁ ደስ ብሎኛል። ክር ማስገባትንና ጥብቀቱን ማስተካከልን ማንም ቶሎ ስለሚለምደው አልዘገይበትም።

ማሽኑ በ4.5 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ 200 መርፌዎች አሉት፤ የጥለቱን ንድፍ በቀዳዳዎች የያዘው ካርድ ስፋቱ 24 ቀዳዳ በመሆኑም ጥለቱ በየ24 መርፌው ይደገማል። በሁለት ቀለም ሲሠራ ካርዱ የተበሳበት መርፌ ሁለተኛውን ክር፣ ያልተበሳበት ደግሞ የመጀመሪያውን ይይዛል። ማሽኑ የሚያነበው መስመር ግን ፊት ለፊት ከሚታየን መስመር በ7 ዝቅ ያለ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሥራውን ፈትቶ ሲቀጥል ጥለቱ ይዛባበታል።

ብዙዎች ካርዱን ወይም ክሩን የሚወቅሱበት ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ሌላ ነው። ከመርፌዎቹ በላይ፣ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው፣ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ቀጭን የብረት ዘንግ ተሰክቷል፤ ተግባሩም መርፌዎቹን ወደ ታች ተጭኖ በቦታቸው ማቆየት ነው። ስፖንጁ በዕድሜ ብዛት ይሟሽሽና እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ያን ጊዜ መርፌዎቹ ቀና ስለሚሉ ክሩን ይዞ በመርፌዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ የምንገፋው ካሬጅ ይመታቸዋል፣ ይነክሳል፣ አንዳንዱንም ያጣምማል። ጫፉን በጣት ከፍ አድርገው ሲለቁት ወዲያው የማይመለስ መርፌ ካለ፣ ዘንጉን በጎን ስቦ ማውጣት ይገባል። አሮጌውን ሙጫ በአልኮል አጽድቶ፣ ለበር ክፍተት የሚሸጠውን ራሱ የሚለጠፍ ስፖንጅ መተካት ይቻላል፤ መርፌዎቹ እንዳይቀዱት ግን በላዩ ሪባን ይለጠፍበታል። ዘንጉ ሲመለስ መርፌዎቹን በማስመሪያ መጫን ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ከላያቸው ይልቅ ከሥራቸው ይንሸራተታል። ዘይት እያርከፈከፉ ማሽኑን «አሳለጥሁት» የሚሉትን ፈጽሞ አልቀበልም፤ የሞተ ስፖንጅ በዘይት አይነሣም።

ለጀማሪ ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ የካርዱን ማሽን እመርጣለሁ፣ ስህተቱ በዓይን ይታያልና። የእጅጌውን ጫፍ ግን እስከ ዛሬ በእጅ መርፌ ነው የምሠራው፤ ለዚህ የሚያገለግለውን ተጨማሪ ክፍል ለመግዛት አልደፈርኩም። አሁን የምበሳው ካርድ ላይ በአንድ ቀለም ብቻ የሚሄደውን መስመር ከ5 መርፌ አላሳልፍም፣ በጀርባው የሚቀረው ረጅም ክር የሕፃን ጣት ይይዛልና።