ከሰርተፍኬቱ ይልቅ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆችና በአካባቢው የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቤቴ እየመጡ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ለመሆን ከምን መጀመር እንዳለባቸው ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ የኦንላይን ሰርተፍኬት ክምር ያሳዩኛል፤ እኔ ግን፣ ሰርተፍኬቱን ባልንቅም፣ አስቀድሜ የምጠይቀው በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነው።

በቅርቡ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «ጋሼ፣ ፕሮግራሜ የአማርኛ ቃላት ሲቆጥር ይሳሳትብኛል» ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ሆነው ተቆጥረዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር መስፈርት) ውስጥ ሲገባ፣ ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ስለተሰጣቸው፣ ኮምፒውተሩ ካልተነገረው በቀር አንድነታቸውን አያውቅም። ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ማምጣት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመር ብቻ ይጠይቃል፤ ነገር ግን በግዕዙ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነውና፣ የት ማዋሃድና የት መተው እንደሚገባ መወሰን ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው። ይህን ስነግራት ደብተሯን አውጥታ ምሳሌ መልቀም ጀመረች። (ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቀና አላለችም።)

ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ የተባሉት የሒሳብ ዘርፎች ግዴታ ናቸው፤ በዚህ አልደራደርም። መብራት በሚጠፋበት ምሽት በወረቀት ይሠራሉ። የምርምር ጽሑፎችንም በተመለከተ፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው አርካይቭ (arXiv) የተባለው የኢንተርኔት የጽሑፍ ማከማቻ ስላለ፣ በወር አንዷን መርጠው ውጤቷን በራሳቸው ኮድ ለመድገም እንዲሞክሩ እመክራቸዋለሁ።