ሰማይ ላይ የቆመው ፕሮፔለር

የተዋስኩትን ካሜራ ይዤ ዛሬ አክስቴ ግቢ ገባሁ። ወደ ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጡት በእነሱ ጣራ ላይ ነው የሚያልፉት። "ቡናው ሳይፈላ ይደርሳል" አለችኝ። እሷ ሰዓት አታይም፣ በድምፁ ነው የምታውቀው።

መጣ። ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ አውሮፕላን፣ ዳሽ 8። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/2000 ሰከንድ ላይ አድርጌ ተኮስኩት። 30 ምናምን ፎቶ! ከፍቼ ሳየው ስድስቱም ምላጮች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው። አክስቴ አየችና "ውይ በሞትኩት፣ ተበላሽቶ ነው?" አለች።

ለካ ለጄት የሚሆነው ፈጣን ሹተር ለፕሮፔለር አይሆንም። ወደ 1/125 ገደማ መውረድ አለበት፣ ያኔ ምላጩ ተስቦ ክብ ይሠራል። ጣጣው፣ ሹተሩ ሲዘገይ የእጅ መንቀጥቀጥም ፎቶው ላይ ይወጣል። መፍትሔው ከወገብ እየዞሩ አውሮፕላኑን መከተል ነው፣ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላም ሳያቆሙ።

ተመልሶ እስኪነሳ በር ላይ ቆሜ በባጃጅ ተለማመድኩ። አንዱ ሹፌር ተሳፋሪ መስዬው ሁለቴ ቆመልኝ።

ሲነሳ 20 ያህል አነሳሁ። ሁሉም ጭጋግ፣ ከአንዷ በቀር። እሷም ጅራቱ ተቆርጧል። ፕሮፔለሩ ግን ክብ፣ ልክ እንደ ሰፌድ።