አባዬ፣ ወፎቹና የሎሚው ዛፍ

ለሰባት ቀን ወፍና ቢራቢሮ ለማየት ከአዳማ ስንነሳ አባዬ አስቀድሞ አስጠነቀቀ። «ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ተራራ ውጣ ካላችሁኝ እዚያው ነው የምቀመጠው» አለ። አስጎብኚያችን ፈገግ ብሎ «አባባ፣ እኛም የምንፈልገው መቀመጡን ነው» አለው። ለማጽናናት ያለው መስሎኝ ነበር። ሰባቱን ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ተቀምጠን አሳለፍነው።

የሐዋሳን መንገድ ለሥራ ዐሥራ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። የማውቀው ቁርስ የት እንደሚጥም፣ የት ፍጥነት መቀነስ እንዳለበት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የት እንደሚረክስ ነው። ባቱ (ዝዋይ) ላይ ግን አንድም ቀን ወደ ሐይቁ ወርጄ አላውቅም። በመጀመሪያው ጠዋት፣ ገና 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ፣ ሦስታችን ዳሩ ላይ ቁጭ አልን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆቹን ከበው ተራቸውን የሚጠብቁ ይመስላሉ። አስጎብኚው ልጅ ግን ወደ እነሱ አላየም። ውኃው ላይ የተንሳፈፉትን ቅጠሎች በጣቱ አሳየንና «አሁን ዝም ብላችሁ ጠብቁ» አለ።

ቡናማ፣ አንገቱ ነጭ፣ ግንባሩ ሰማያዊ የሆነ ወፍ ቅጠል ከቅጠል እየረገጠ መጣ። ጣቶቹ ከመርዘማቸው የተነሳ ሳይሰምጥ ቅጠሉ ላይ ይራመዳል። በመነጽር ስናየው እግሩ ከሁለት በላይ ሆነብን፤ ከክንፎቹ ሥር ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለዋል። ጫጩቶቹን አቅፎ መሸከሙ ነው። «እንቁላሉን የሚታቀፈውም፣ ልጆቹን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው» አለን ልጁ በሹክሹክታ። እናቴ ያረፈችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባዬ ምንም አልተናገረም፤ መነጽሩን ግን ለብዙ ጊዜ ከዓይኑ አላወረደም። እኔም አልጠየቅሁትም።

አቢጃታ ላይ ልቤ ተሰበረ። መኪናውን ያቆምነው ልጁ «ድሮ ውኃው እስከዚህ ነበር» ባለን ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚታየው ነጭ፣ የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ መሬት ነው፤ ውኃው ርቆ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። ፍላሚንጎዎቹ አሉ፤ ከሩቅ እንደ ሮዝ ጉም ይታያሉ። የሌሉት ፔሊካኖቹ ናቸው። የሚፈለፈሉት በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነበር። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ዓሣ ግን እንደ ልብ የለውም። ስለዚህ ምግባቸውን ፍለጋ ተሻግረው የሚበሩት ወደ አቢጃታ ነበር። የገባሪው ወንዝ ውኃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አመድ ማምረቻ ውኃ ተሳበ፤ ሐይቁ እየሸሸ ጨዋማነቱ በረታና ዓሣው አለቀ። በአማርኛ ባዶ ሆኖ ያገኘነውን ነገር ሁሉ «ወፍ የለም» እንላለን። ያን ቀን ቃሉ ከአፌ ሊወጣ ሲል ያዝኩት።

የቢራቢሮው ሰዓት ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ክንፋቸው በፀሐይ ካልሞቀ አይበሩም፤ ስለዚህ ጠዋቱ የወፍ፣ ረፋዱ የቢራቢሮ ሆነ፤ ከሰዓቱን አባዬ ያሸልባል። ላንጋኖ አጠገብ መንገድ ዳር ጦቢያ የሚባለው ቁጥቋጦ ሞልቷል። በልጅነቴ ወተቱ ዓይን ያጠፋል እየተባልን የምንሸሸው ተክል ነው። ልጁ አንዱን ቅጠል ገለበጠው። ከሥሩ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት የለበሰ አባጨጓሬ አለ፤ ከጀርባው ጥቁር ክር የመሰሉ ሦስት ጥንድ ቀንዶች ወጥተዋል። ቅጠሉን ከጠርዙ እየጋጠ ነው፤ ጆሮዬን ባስጠጋ የሚሰማኝ እስኪመስለኝ ድረስ ቀረብኩት። የተክሉን መርዝ በሰውነቱ ያጠራቅመዋል፤ ብርቱካንማ ቢራቢሮ ሆኖ ሲበርም መርዙ አብሮት ስለሚኖር ወፎች ይተዉታል። ትንሽ ቆይቶ እሱን የምትመስል ሌላ ቢራቢሮ አየን። ይቺኛዋ መርዝ የላትም፤ ሴቷ ከወፍ ለማምለጥ መልኩን ተዋሰች እንጂ ዘሯ ሌላ ነው፤ ወንዷ ጭራሽ አይመስለውም፣ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ነው።

ሐዋሳን በአንድ ከሰዓት አለፍነው። ወንዶ ገነት ላይ ግን ሁለት ሌሊት አደርን። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ለዛፍ ሲዘሉ፣ ትልልቅ ምንቃር ያላቸው ወፎች በላያችን ሲያልፉ የክንፋቸው ድምፅ እንደ ነፋስ ይሰማል። ልጁን በጣም ያከበርኩት እዚያ ነው። አንዳንድ አስጎብኚዎች የወፏን ድምፅ በስልክ እያሰሙ ይጠሯታል፤ እሷም ባላጋራ የመጣባት መስሏት ጎጆዋን ትታ ትወጣለች። እሱ እንዲህ አላደረገም። «ካልመጣች አልመጣችም» አለ። ከአንድ የሎሚ ዛፍ ሥር ቆመን ቅጠሉ ላይ ያሉትን የወፍ ኩስ የመሰሉ ነገሮች አሳየን። እነሱም አባጨጓሬዎች ናቸው። ወፎች ኩስ ስለማይበሉ በዚያ መልክ ይተርፋሉ፤ ሲያድጉ አረንጓዴ ይሆናሉ። አባዬ አንዱን በስንደዶ ነካ ቢያደርገው ከራሱ ላይ ብርቱካንማ ቀንድ አወጣና የሚከረፋ ሽታ ለቀቀ። «እኔ እኮ እነዚህን ሎሚዬ ላይ መድኃኒት ስረጭባቸው ነው የኖርኩት» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ባሌ ገብተን ዲንሾ ላይ ልጁ ጥድ ውስጥ የተኛች ጉጉት ሲያሳየን አባዬ ፊቱን አዞረ። በእሱ አገር የጉጉት ነገር ለበጎ አይነሳም። አልገፋነውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ መነጽሩን አነሳና «ተኝታለች እኮ፤ ምን አደረገችን» አለ።

ሰነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቢራቢሮ እንጃ፣ እኛም በረደን። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ከመኪናው አልወረደም። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች መሐል ቀይ ቀበሮ አየን፤ በዓለም 500 የማይሞላ እንስሳ፣ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ውስጥ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። አንገቱን ጀርባው ላይ አስተኝቶ፣ ቸኩሎ እንደማያውቅ ሽማግሌ እየተራመደ በአባዬ መስኮት በኩል አለፈ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዜናውን በስልኬ ሰምቼ አልፌው ነበር። አሁን ሰነቲን ሳስብ የሚመጣብኝ የዚያ ዝይ አረማመድና የአባዬ ትንፋሽ መስታወቱን ሲያጉመው ነው።

ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። አባዬ የመርጫውን ጄሪካን ለጎረቤት ሰጥቶታል። ትናንት ጠዋት፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ደወለልኝ። ሎሚው ላይ አምስት አሉ፤ ሦስቱ አረንጓዴ ሆነዋል፤ ሁለቱ ገና ናቸው።